ሦስት የድንጋይ ደረጃ

ሰቦቃ ቀናተኛ ነበር። ይህን የሚሉት ጠላቶቹ አይደሉም፤ ራሱም አይክድም። ሚስቱ ዲንቄ በሕይወት ሳለች ቦኖ ወርዳ ጥቂት ከቆየች፣ ከማን ጋር ቆማ እንደምትስቅ ሳይጠይቅ ያውቅ ነበር። ያወቀው ሁሉ ግን ስሕተት ነበር። እሷም «አንተ ሰውዬ ሳትጠይቅ የምትፈርድ ዳኛ ነህ» ትለውና ማሰሮዋን አስቀምጣ ትስቃለች። ዲንቄ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆነ። ሰቦቃ ቅናቱ አብሯት የተቀበረ መስሎት ነበር። የት ተደርጎ! የሚቀመጥበት ሲያጣ ውሻው ላይ ሄዶ ሰፈረ።

ውሻው ቡሬ ይባላል። ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር ነው፤ ቡችላ ሳለ ዲንቄ በነጠላዋ ጠቅልላ ያመጣችው፣ ዕድሜው አሥራ ሦስት የደረሰ። ሰቦቃ አቃቂ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለ የጥጥ መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ነው። ማታ ካፖርቱን ደርቦ ዱላውን ይዞ ሲወጣ ቡሬ ከፊት ይቀድማል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱም እኩል እያዛጉ ይመለሳሉ። እንዲህ ሆነው ዓመታት አለፉ። የመጋዘኑ ሰዎች ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ «እንደምን አደራችሁ» ነበር የሚሏቸው።

በ1977 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ ግን ነገሩ ተበላሸ።

መጀመሪያ ቡሬ መዝለሉን ተወ። ሰቦቃ ካፖርቱን ሲያነሣ ደረቱ ላይ ይንጠለጠል የነበረው ውሻ፣ ቁጭ እንዳለ ዐይኑን ብቻ ያንከራትት ጀመር። ቀጥሎ ሐዲዱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ብረቱን ያያል፣ ሰቦቃን ያያል፣ ከዚያ ዞሮ ይመለሳል። ሰቦቃ ያፏጫል፣ ይቆጣል፤ ቡሬ ወይ ፍንክች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ ጠዋት ሲመለስ ውሻው ከቤት ጠፍቶ ጠበቀው። ሲፈልግ ሲፈልግ ከጓሮ በኩል በምትዋሰነው በሞሚና ግቢ አገኘው፤ አፈሩ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል።

«ቡሬ!»

ቡሬ አንገቱን አነሣ። አየው። ተመልሶ ተኛ።

ሰቦቃ ዲንቄ ከሞተች ወዲህ እንደዚያን ቀን የነደደበት ጊዜ የለም። ባያየው ኖሮ ያረጀ ዐይን ነው ብሎ ያልፈው ነበር። አይቶት ነው የተኛው!

ሞሚና ከወሎ መጥታ የሰፈረች፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ባልዋ ደርዊሽ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በዚያ የድርቅ ዘመን እህል ጭኖ ወደ ሰሜን ከወጣ ወር ሙሉ አይመለስም። ልጆቿ አግብተው ሄደዋል፤ ግቢዋ ጭር ያለ ነው። ሰቦቃ ይህን ሁሉ ደመረና ድምሩ አንድ ነገር ሆነለት፤ ሴትዮዋ ብቸኝነት ቢይዛት የሰው ውሻ አማለለች። ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ሰምቷል። ምን አብልታው ይሆን?

መጋዘኑ በር ላይ አብሮት የሚያድረው ሁንዴም እሳቱ ላይ ጋዝ ጨመረበት። «ዕድሜ ልክህን ሚስቴን ይወስዱብኛል ብለህ ስትጠብቅ፣ ውሻህን ወሰዱብህ!» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰቦቃ ሦስት ቀን አላናገረውም።

ከዚያ በኋላ ሰቦቃ አዲስ ሥራ አገኘ። በጓሮው የቆርቆሮ አጥር ላይ ምስማር የወጣበት ቀዳዳ አለ። ጠዋት ከሥራ እንደገባ ሣጥን ገልብጦ ይቀመጥና ዐይኑን ከቀዳዳው ላይ ይተክላል። እንቅልፍ አይል፣ ቁርስ አይል። ሲያድር ጥጥ ይጠብቃል፤ ሲነጋ ውሻ ይጠብቃል።

ያየው ነገር ይበልጥ ግራ አጋባው። ሞሚና ለቡሬ በጣሳ ትሰጠዋለች፤ እሱ በልቶ ሲጨርስ ጣሳውን ወስዳ ታጥባለች። አጥባ ብትተው ደግ ነበር። ውሃ ታፈስሳለች፣ ትደፋለች፤ አፈር ዘግና ታሻሻለች፣ ትደፋለች፤ ደግማ ታፈስሳለች። ሰቦቃ ቆጠረ፤ ሰባት ጊዜ። እጇንም እንዲሁ። አንድ ረጅም ቀይ መቀነትም ለብቻው አጥባ፣ ከሌላው ልብስ አርቃ ታሰጣለች። «እንዲህ ከተጸየፈችው ለምን ትወስድብኛለች?» አለ ሰቦቃ ለራሱ። የተጸየፈችውን ውሻ እሷ ታገኘዋለች፤ የሚወደው እሱ ደግሞ በቀዳዳ ያየዋል። ይህ ነው እንግዲህ ያበገነው።

ከሁሉ የባሰው ግን የሁለት ሰዓቱ ነገር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሞሚና ቡሬ ወደተኛበት ትሄዳለች፤ በዚያ በኩል የማገዶው ክምር ይጋርዳታል። ከዚያ ግቢው ባዶ ይሆናል። ሴትዮዋም የለች፣ ውሻውም የለ። ሰቦቃ ቀዳዳው ላይ ተጣብቆ ባዶ ግቢ ሲያይ ይቆያል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ይመለሳሉ። የት ነው የምትወስደው? ለማን ልታሳየው? ሳሪስ ላሉት ልጆቿ ልትሰጠው እያለማመደችው ይሆን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ሰቦቃ ይህችን ተረት የሚወዳት በሕይወቱ ብዙ ስላሠራችው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞሚና ራሷ መጣች። ቤቱ ደጃፍ ላይ ሦስት ጥርብ የድንጋይ ደረጃዎች አሉ። የአቃቂ ወንዝ ከሁለት ክረምት በፊት ሞልቶ አልጋው ሥር ድረስ ከገባበት ወዲህ፣ ቤቱን ከፍ አድርጎ ደረጃውን በገዛ እጁ ነው የሠራው። በሰፈሩ እንደዚያ ያለ ደረጃ ያለው የለም፤ ሰቦቃ ይኮራበታል። ሞሚና ከታችኛው ድንጋይ ሥር ቆመች።

«ጋሼ ሰቦቃ፣ እንደምን ዋሉ? ስለ ውሻው አንድ ነገር ልነግርዎ…»

«ውሻው ባለቤት አለው!» አለ ሰቦቃ።

«እሱማ አለው፤ እኔም እኮ…»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ሂጂ ወደ ቤትሽ!»

በሩን ዘጋባት። ከበሩ ጀርባ ቆሞ እርምጃዋ ሲርቅ አዳመጠ፤ ደስ አለው ለማለት ይቸግራል፤ ያሸነፈ ግን መስሎት ነበር።

በማግሥቱ ሞሚና ቦኖ ስትወርድ ጠብቆ ግቢዋ ገባ። ቡሬን በአንገቱ ይዞ ጎተተው። ቡሬ የፊት እግሮቹን ያራምዳል፤ የኋላዎቹን ግን መሬት ለመሬት ይጎትታል፤ መርገጥ ያልፈለገ አህያ ይመስላል። «ይኸው!» አለ ሰቦቃ፤ «ወደ ቤቱ መምጣት እንኳ ጠላ!» ተሸክሞ ሦስቱን ደረጃ ወጣና ቤት ውስጥ፣ በሰም በተወለወለው ሲሚንቶ ላይ፣ በሰንሰለት ከአልጋው እግር ጋር አሰረው።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ሰቦቃ የራሱን ራሽን አካፍሎ ያበላዋል፣ ውሃ ያቀርብለታል፣ በገዛ ጋቢው ያለብሰዋል። ቡሬ ግን ለመነሣት ሲሞክር ሲሚንቶው ያንሸራትተዋል፤ ወገቡ ወደ አንድ ጎን ይዘምምና ዘጭ ይላል። ሲብስበት መሞከሩንም ተወ። ጅራቱ አይነቃነቅም። ሰቦቃ ከሥራ ሲመለስ ቡሬ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ያገኘዋል። «አሁንም እሷን ትጠብቃለህ አይደል?» ይለዋል። ውሻው እቤቱ፣ ሰንሰለቱ እጁ ላይ፤ ቅናቱ ግን ቅንጣት አልቀነሰለትም።

በዚህ መሐል ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ለፈፈ። ቅዳሜ ጠዋት ውሻ ያለው ሁሉ በገመድ አስሮ ለእብድ ውሻ ክትባት ያምጣ፤ ከእሑድ ጀምሮ አንገቱ ላይ የቆርቆሮ ምልክት የሌለው ውሻ ሁሉ መርዝ ይጣልለታል። ሰቦቃ ይህን ሲሰማ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋበት ያህል ነቃ። ሰንሰለቱን ፈታ። «ተነሣ ቡሬ። ተነሣ ልጄ፣ ቅዳሜ ነገ ነው።» ቡሬ በፊት እግሮቹ ተነሣ። ከወገቡ በታች ያለው የሌላ ሰው ውሻ ይመስል እዚያው ተኝቶ ቀረ።

ሰቦቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። «እልህ ነው፤ ውጪውን ሲያይ ይነሣል» አለ፤ ራሱ ግን ያለውን አላመነም።

ቅዳሜ ጠዋት ቡሬን በአንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ላይ ጭኖ ቀበሌው በር ድረስ ገፋው። እዚያ ኩራት ያዘው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ውሻውን እንደ ሲሚንቶ ከረጢት በጋሪ ይዞ ሊገባ? አወረደው። ቡሬም ሰዉንና ውሻዎቹን አይቶ በፊት እግሮቹ እየቧጠጠ፣ ወገቡን አቧራ ላይ እየጎተተ፣ ምላሱን አውጥቶ ወደ ሕዝቡ ገሰገሰ።

«እብድ ውሻ!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች።

ሕዝቡ ተበታተነ። ውሻዎቹ ገመዳቸውን እየጎተቱ ተንጫጩ። በሩ ላይ የነበረው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ሰቦቃ ምን እንዳደረገ ራሱም አላወቀም፤ ዱላውን ጥሎ ቡሬ ላይ ተደፋ።

«ተነሡ አባት! ወገቡ የሞተ እብድ ውሻ ነው!»

«ውሻዬ ነው! ከመታህ ሁለታችንን ምታ!»

ያን ጊዜ ክትባቱን የሚሰጠው ፈየራ የሚባለው የእንስሳት ጤና ሰው «ቆይ! ውሃ አምጡ!» እያለ ደረሰ። ወጣት ነው፤ ክርኑ ድረስ በሚደርስ ጓንት እጁን ሸፍኗል። በጣሳ ውሃ ቀረበ። ቡሬ ጣሳውን አሸተተ፤ ከዚያም ላፍ ላፍ እያደረገ ጠጣ፣ ዋጠ፣ ደግሞ ጠጣ።

«ያበደ ውሻ እንዲህ አድርጎ አይውጥም» አለ ፈየራ። ጠመንጃው ወደ ትከሻው ተመለሰ። ሰቦቃ እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጠ።

ፈየራ አውራ ጣቱን በቡሬ ጀርባ ላይ ከአንገቱ ጀምሮ እየተጫነ ወረደ። ወገቡ ጋ ሲደርስ ቡሬ ሲጥ አለ። ቀጥሎ ከወገቡ ደግፎ አቆመውና፣ የአንዱን የኋላ እግር ጣቶች አጥፎ በጀርባቸው መሬት ላይ አኖራቸው። ደህና ውሻ ቢሆን ቶሎ ያስተካክለው ነበር። ቡሬ እግሩ እንደተገለበጠ አላወቀም፤ እንደዚያው ቆሞ ቀረ።

«አዩ አባባ? እግሩ የት እንዳለ አያውቅም። የጀርባ አጥንቱ በዕድሜ ተጎድቶ ይሆናል፤ እግሩን የሚያዝዘው ነገር እዚህ ላይ ይቋረጥበታል። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሦስት ሳምንት።»

«አይደለም። ጥፍሩን ይዩ። የፊቶቹ ደህና ናቸው፤ የኋላዎቹ ከላይ በኩል ተፍቀው አልቀዋል። ሲጎትታቸው ወራት ሆኖታል። መጀመሪያ መዝለል ይተዋል። ቀጥሎ ከፍ ያለ ነገር መሻገር፣ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ሲጠሩት አንገቱን ያነሣል እንጂ መነሣቱ ይከብደዋል። ጅራቱም ሊሰንፍ ይችላል። ብዙ ሰው ታዲያ አኮረፈኝ፣ ረሳኝ ይላል።»

ሰቦቃ የቡሬን ጥፍር አየ። ካፖርቱ ትዝ አለው፤ ሐዲዱ ትዝ አለው፤ አንገቱን አንሥቶ አይቶት የተኛበት ጠዋት ትዝ አለው።

«አስረውት ነበር እንዴ?» አለ ፈየራ የሳሳውን ጭን እየዳበሰ።

«አስሬው ነበር። ሲሚንቶ ላይ።»

«ያ ነው ፈጽሞ የጣለው። እንዲህ ያለ ውሻ ከተኛ ጭኑ ያልቃል። በማያንሸራትት መሬት ላይ፣ ሰው ወገቡን ደግፎለት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መሄድ አለበት።» እጁን ከቡሬ ሆድ ሥር ሰደደና ቆም አለ። «ግን እኮ ሲደገፍ ነበር። ጠጉሩ እዚህ ጋ ተሻሽቷል፤ ጨርቅ አሳልፎ ያነሣው ሰው ነበር። ማን ነው?»

«እኔ» ሊል ቃጣው። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ቀና!

«ጎረቤት» አለ በመጨረሻ።

«እስካሁን የቆየው በሳቸው ነው። እንደ ድሮው አይሆንም፤ ግን ይሞክሩ። ይቆም ይሆናል።» ክትባቱን ወጋውና የቆርቆሮ ምልክቱን አንገቱ ላይ አሰረለት።

ሰቦቃ ጋሪውን እየገፋ ተመለሰ። የራሱን ቤት አልፎ፣ በመንገዱ ዞሮ፣ ሞሚና በር ላይ ቆመ። በሕይወቱ ሙሉ መፍረድ እንጂ መጠየቅ ለምዶ አያውቅም። ሁለት ጊዜ እጁን አንሥቶ ሁለት ጊዜ አወረደ። በሦስተኛው አንኳኳ።

ሞሚና በሩን ከፍታ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ጋሪውን አየች። «ያ አላህ! ምን አገኘው?»

«እኔ» አለ ሰቦቃ። «እኔ አገኘሁት።» ቀጥሎም «እንዴት እንደምታነሺው አሳዪኝ» አላት።

ሞሚና ወደ ቤት ዞረች። ገብታ ቀዩን መቀነት ይዛ ወጣች። ሰቦቃ ሲያየው አወቀው።

«ለሱ ብዬ ለይቼዋለሁ» አለች። «ደረጃዎ ሥር ሲወድቅ አየሁትና አላስቻለኝም። ወገቤን እኔም አውቀዋለሁና። የውሻ ምራቅ የነካውን ሰባት ጊዜ ማጠብ፣ አንዱንም በአፈር፣ ሃይማኖታችን ነው፤ ተጸይፌው እንዳይመስልዎ።»

ሰቦቃ የቦኖውን ዳገት አሰበ። በዚያ ዳገት ውሃ በጀርባዋ እያወጣች፣ ለእሱ ውሻ ሰባት ሰባት ጊዜ ስታፈስሰው፣ እሱ በቀዳዳ እያየ ቆጥሯል። ቆጠራውን ብቻ ነበር በትክክል የያዘው።

«እኔ ልያዘው» አለ።

መቀነቱን ከሆዱ ሥር አሳለፈችለት፤ ጫፎቹን እላይ ሰብስቦ ያዘ። ወገቡን ቀስ አድርጎ አነሣ። ቡሬ ተንቀጠቀጠ፣ የፊት እግሮቹን ተከለ፣ ከዚያ ተራመደ። የኋላ እግሮቹ ተጠላለፉ፤ አንዱ ግን አንዴ ረገጠ። በአፈሩ ላይ ክብ የሚያስዞረው መስሎት ነበር ሰቦቃ። ቡሬ ግን በቀጥታ ወደ ግቢው በር ጎተተው።

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ይከተሉት፤ መንገዱን ያውቃል» አለች ሞሚና።

ከኋላ ሆኖ ለያዘው ሰው የውሻ ፊት አይታይም፤ ጀርባውና ሁለት ጆሮው ብቻ ነው የሚታየው። ሰቦቃ ጎንበስ ብሎ ተከተለ። ቡሬ ከበሩ ወጣ፣ ወደ ግራ ታጠፈ፣ እያለከለከ ጥግ ጥጉን ይዞ ዞረ፤ ሦስቱ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ቆመ። አፍንጫውን በታችኛው ደረጃ ላይ አስደገፈ። ዐይኑን በተዘጋው በር ላይ ተከለ።

«እዚህ ጥቂት ይቆማል» አለች ሞሚና ዝግ ብላ። «ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር የማመጣው፤ ከሥራ ገብተው ቤት ይሆናሉ ብዬ። በሩን እያየ ይጠብቃል። አንቱ ካልወጡ እመልሰዋለሁ። ሲያዩኝ ፊትዎን ስለሚያጠቁሩብኝ ማንኳኳቱን ፈራሁ።»

ሁለት ሰዓት። ሰቦቃ በዚያ ሰዓት የት እንደነበረ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ከዚህ በር ጀርባ፣ ከቤቱ ወዲያ ማዶ፣ ጓሮ ውስጥ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ነበር፤ ዐይኑን ቀዳዳ ላይ ተክሎ፣ ባዶ ግቢ እያየ፣ «የት ወሰደችብኝ?» እያለ።

ቡሬ አሁንም በሩን ያያል። ወገቡን የያዘው ማን እንደሆነ አላወቀም፤ የሚጠብቀው ከፊቱ እንዲመጣለት ነው።

ሰቦቃ መቀነቱን ወደ ሞሚና ዘረጋ። «ያዢልኝ» አላት። ውሻውን በገዛ እጁ ለሰው ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። በጓሮ በኩል ዞሮ፣ አጥሩን አልፎ፣ ሣጥኑን በእግሩ ገፍትሮ በኋላ በር ገባ። ጨለማውን ቤት አቋርጦ የፊቱን በር ከፈተ።

ቡሬ ጆሮዎቹን ቀሰረ። ጅራቱ አልተነቃነቀም፤ የፊት እግሮቹ ግን ድንጋዩን ይቧጥጡ ጀመር፣ ከጉሮሮውም አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

ሰቦቃ ሦስቱን ደረጃ ወርዶ ታችኛው ላይ ተቀመጠ። የቡሬን ፊት በሁለት እጁ ያዘ።

«ቆየሁብህ» አለው።